ቢራቢሮ ያረፈበት ሰው

ሰው ውሻ ይፈራል፣ እባብ ይፈራል። ፍጥነቱ ልክ ሆኖ ሳለ ከኋላው የፖሊስ መብራት ባየ ቁጥር ልቡ ቀጥ የሚል ሾፌርም አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ። ቢራቢሮ የሚፈራ ጎልማሳ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠማችሁም ይሆናል። እንግዲያው ተዋወቁኝ። አትላንታ ውስጥ አንድ ሰመር ሙሉ ክንፍ ያለው ነገር ባየሁ ቁጥር ፎጣ ራሴ ላይ ጥዬ ወደ በር የሮጥኩት ሰው እኔ ነኝ። የሚያናድደው ደግሞ ቢራቢሮዎቹን ጠርቼ ያመጣኋቸው ራሴ መሆኔ ነው። በገዛ እጄ፣ በገዛ አካፋዬ።

በዚያን ጊዜ አትላንታ ጥግ፣ ብሩክሄቨን ውስጥ አንድ ነርሲንግ ሆም እሠራ ነበር። ሥራዬ አዛውንቶችን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ ከአልጋ ወደ ዊልቸር፣ ከዊልቸር ወደ አልጋ ማዛወር ነው። አገር ቤት ላሉት ዘመዶቼ "ሆስፒታል ነው የምሠራው" እላቸዋለሁ፤ እነሱ ደግሞ ለጎረቤት ሲያወሩ "ዶክተር" ብለው ይጨርሱልኛል። ከሩቅ ስለሆነ ማንም አይጎዳም።

አንድ የጸደይ ጠዋት ማናጀራችን ሚስ ፓም እኛን ሠራተኞቹን ሰበሰበችን። ከሕንፃው ጀርባ ያለው ግቢ ደርቆ፣ አዛውንቶቹ ቀኑን ሙሉ ፓርኪንግ ሎት ሲያዩ እንደሚውሉና ይህም እንዳሳዘናት ነገረችን። ስለዚህ የቢራቢሮ አትክልት ቦታ ልታስተክል አስባለች። "ከመካከላችሁ ተክል የሚያውቅ ማነው?" አለች። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እኔን አየ።

"ኢትዮጵያ የገበሬ አገር ነው አይደል?" አለች ፓም፣ ፊቷ በርቶ።

እኔ የፒያሳ ልጅ ነኝ። ባደግኩበት ግቢ ውስጥ አረንጓዴ ነገር ቢኖር የበሩ ቀለም ነው። ግን በእንግሊዝኛ "አዎ" ማለት አንድ ቃል ነው፤ "የገበሬ አገርስ ነው፣ እኔ ግን ያደግኩት አስፋልት ላይ ስለሆነ አካፋ በየትኛው ጫፍ እንደሚያዝ አላውቅም" ለማለት ሰዋስው ይፈልጋል። አዎ አልኩ።

በማግስቱ ፓም ማሪዬታ ያለ ችግኝ መሸጫ ላከችኝ። ሻጯ ትልቅ የሣር ባርኔጣ ያደረገች ሴትዮ ነበረች። ቢራቢሮ የሚወደው አበባ ስጪኝ አልኳት።

"አበባ የሚያመጣልህ አላፊ አግዳሚውን ነው" አለችኝ። "ግቢህ ውስጥ እንዲኖሩልህ ከፈለግክ የሚበላ ነገር መትከል አለብህ።"

"ማን ነው የሚበላው?"

"ልጆቻቸው" አለችና ፈገግ አለች።

ያን ጊዜ መኪናዬን አስነስቼ መሄድ ነበረብኝ። እኔ ግን አበባውንም፣ የፓሽን ፍሩት ዘመድ ነው ያለችኝን ሐረግም ጭኜ ተመለስኩ። "እቺ ትወጣለች" ብላኛለች ሐረጓን እየጠቆመች። ወዴት እንደምትወጣ አልነገረችኝም።

ወጣች። በመጀመሪያ አጥሩን ያዘች፤ ከዚያ አሸንዳውን፤ ከዚያ በመኝታ ክፍሎቹ መስኮት ላይ ቀጫጭን ጣቶቿን ዘረጋች። ጠዋት መጋረጃ ስከፍት ትናንት ያልነበረ ቅጠል መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ወደ ውስጥ የሚያይ ይመስለኝ ነበር። ሐረጉ ላይ ደግሞ እንደ ብርቱካን የቀላ፣ መላ ሰውነቱ ጥቁር እሾህ የሆነ አባጨጓሬ ፈላ። ተክል አዋቂ አይደለሁ? እየለቀምኩ በቡና ኩባያ ሞላሁና ለፓም ወስጄ "ተባዩን አጸዳሁልሽ" አልኳት።

ፓም ኩባያውን አየች፤ እኔን አየች። "እነዚህ እኮ ናቸው ቢራቢሮዎቹ" አለች በቀስታ፣ ለሕፃን እንደሚነገር።

ከሰዓቱን አባጨጓሬ ወደየቅጠሉ ስመልስ ዋልኩ። ቂም የያዘ አንድም አልመሰለኝም ነበር።

ከሳምንት በኋላ አባጨጓሬዎቹ ጠፉ። ሐረጉ ባዶ ቀረ፤ እዚህም እዚያም የተሸበሸበ፣ የሞተ ቡናማ ቅጠል ብቻ ተንጠልጥሏል። ወፍ በላቸው ብዬ ደስ ሳይለኝ አልቀረም። ነገሩን መጀመሪያ ያዩት እማማ አስካለ ናቸው።

እማማ አስካለ ከነዋሪዎቹ መካከል ብቸኛዋ ሐበሻ ናቸው። ልጃቸው ኤርፖርት ትሠራለች፤ ሺፍቷ ረጅም ነው። እናቷ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ቤት ውስጥ ብቻቸውን መተው ፈርታ እያለቀሰች ነው ያመጣቻቸው፤ እሑድ እሑድ ትጠይቃቸዋለች። እማማ እንግሊዝኛ የላቸውም። በዚያ ሕንፃ ውስጥ አንደበታቸው እኔና የሥራ ባልደረባዬ ሰናይት ነን። አሜሪካኖቹን አዛውንቶች አንተም አንቺም እላለሁ፣ ቋንቋቸው አንቱታ ስለሌለው፤ እማማ ፊት ስደርስ ግን ወገቤ ራሱ ይታጠፋል። እሳቸውም በየጠዋቱ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ "በላህ?" ብለው ነው። ሌላው ሰው የሚጠይቀኝ "ቴሌቪዥኑን ማን ዘጋው?" ብሎ ነው።

የእማማ ሌላው ልማድ ሞትን መጥራት ነው። ሰው "እንዴት አደርክ" እንደሚለው እሳቸው "ይሄ ሞት ረሳኝ እኮ" ይላሉ። ሻይ ስሰጣቸው፣ ካልሲ ሳጠልቅላቸው፣ "ምነው ቢወስደኝ" ይላሉ። ለመድኩት።

በዚያ ቀን ዊልቸራቸውን አጥሩ ጥግ አቁሜያለሁ። እጃቸውን ሰደው ከተንጠለጠሉት ደረቅ ቅጠሎች አንዱን ነኩ፤ ወዲያው እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ልጄ፣ ይሄ ቅጠል ገፋኝ።"

"ነፋስ ነው እማማ።"

"የታለ ነፋሱ?"

ነፋስ አልነበረም። በጣቴ ጫፍ ነካሁት። የሞተው ቅጠል ግራና ቀኝ ተወራጨ፤ በእንቅልፉ ክፉ ነገር እንደሚያይ ሰው። እኔ ወደ ኋላ ስል የዊልቸሩ እግር ጠልፎኝ አበባው ውስጥ ተቀመጥኩ።

እማማ ረጋ ብለው አዩት። "ተከፍኖ ያልጨረሰ ሰው ይመስላል" አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሐረጉን ውሃ የማጠጣው ከሩቅ ሆኜ ነበር።

ቢራቢሮዎቹ ከነዚያ ደረቅ ቅጠል ከመሰሉት ሽፋኖች የወጡ ሰሞን ግን ግቢው ጉድ ሆነ። ብርቱካንማ ክንፍ ብቻ። ሚስ ፓም ፎቶ አነሳች፤ የነዋሪዎቹ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። አዛውንቶቹ በሙሉ ውጭ መዋል ጀመሩ። እኔን ቅር ያለኝ አንድ ነገር ድምፅ አለመኖሩ ነው። ያን ያህል ነገር ሲንቀሳቀስ ጆሮ የሆነ ነገር ይጠብቃል፤ ቢያንስ እንደ ዝንብ እዝ ማለት። እነዚህ ግን ምንም። ፊትህ ላይ ጥላ ያልፋል፣ ቀና ስትል የለም። የሚሰማው የሚስተር ሃሮልድ ኦክስጅን ማሽን ትንፋሽ ብቻ ነው።

ሚስተር ሃሮልድ በደህናው ዘመኑ ትራክ የነዳ ሰው ነው። አንድ ቀን አንዷ መጥታ እግሩ ላይ፣ ቢጫ ካልሲው ጫፍ ላይ አረፈች። ሳቀ። እግሩን ነቀነቀ፤ አልሄደችም። ክንፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ ከኦክስጅን ማሽኑ ጋር አብራ የምትተነፍስ ትመስል ነበር። "ወደደችኝ" አለ። ሳምንቱ ሳይሞላ ሚስተር ሃሮልድ አረፈ።

ነርሲንግ ሆም ነው፤ ሰው ያርፋል። ማንም ምንም አላለም።

ቀጥላ የፒያኖ አስተማሪ የነበረችው ሚስ ኤቭሊን ጥላ ስር ተኝታ ሳለ እግሯ ላይ አንዷ ተቀመጠችባት። ፎቶ ሁሉ አንስቻት ነበር። በማግስቱ ቁርስ ይዤ ስገባ አልጋው ተነጥፎ አገኘሁት። ከእሷ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ሰው፤ እንደዚያው እግሩ ላይ።

ነገሩን አፍ አውጥቶ የተናገረው ሚስተር ሊሮይ ነው። ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ ቀይ ኮፍያ አይለየውም፤ ግቢው ውስጥ ካርታ ሲጫወት ይውላል። ሻይ ሳቀርብለት ዓይኑን ከካርታው ሳያነሳ "ማን ላይ እንደሚያርፉ እያየህ ነው?" አለኝ።

"ምኖቹ?"

በአገጩ ወደ ሐረጉ ጠቆመኝ። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሁሉ ግን ካርታቸውን ይዘው እንደሚያዩኝ አስተዋልኩ። ለካ ሳይነጋገሩ ሁሉም ያውቃሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ግቢው መልኩን ቀየረ። በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ የሚዘረጋ መጣ። አንዲት ሴትዮ አንሶላ ከራስ እስከ እግሯ ተከናንባ እንደ ድንኳን መቀመጥ ጀመረች፤ ከውስጥ ሆና ነው ጭማቂ የምትጠይቀኝ። ሊሮይ ዝንብ መምቻ ገዝቶ ጭኑ ላይ አደረገ። ቢራቢሮ በጠረጴዛው ስር ስታልፍ ደግሞ ካርታ ተጫዋቾቹ ሁሉ እግራቸውን በአንድ ጊዜ ከፍ ያደርጋሉ። ልብ በሉ፣ እነዚህ እግር ማንሳት አቅቷቸዋል ተብሎ ፊዚካል ቴራፒ የታዘዘላቸው ሰዎች ናቸው። ቴራፒስቷ በመስኮት አይታ ሥራዋ ፍሬ ያፈራ መስሏት ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ሰናይትን አማከርኳት። ሰናይት ጴንጤ ናት፤ ዶራቪል አካባቢ ባለው ቤተክርስቲያናቸው ስትጸልይ ማይክ የማያስፈልጋት ሰው ናት። "ይሄ ነገር መገሠጽ አለበት" አለችኝና በምሳ እረፍቷ ወጥታ ሐረጉ ፊት ቆመች፤ እጇን ዘረጋች፤ ጀመረች። ጥሩ እየሄደች ሳለ አንዲት ቢራቢሮ ከሐረጉ ተነስታ ቀጥ ብላ ወደ እሷ መጣች። ጸሎቱን የጀመረችው ግቢው ውስጥ ነው፤ አሜን ያለችው ግን ከመስታወቱ በር ጀርባ ሆና ነው።

"ፈራሽ እንዴ?" አልኳት።

"አልፈራሁም፤ እረፍቴ አልቆ ነው።"

እኔ ደግሞ ወሬ አያድርብኝም፤ ሁሉንም ለእማማ አስካለ ተረጎምኩላቸው። ጥፋቴ ይሄ ነበር። እማማ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉና "በል አውጣኝ" አሉ።

"የት?"

"ወደነሱ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰበብ ስፈልግ ነበር የምውለው። ዝናብ ሊመጣ ነው እላለሁ፤ "በዚህ ፀሐይ?" ይሉኛል። ንብ አለ እላለሁ፤ "እኔ ማር ነኝ?" ይሉኛል። የዊልቸሩ ጎማ ተበላሽቷል ብል "ትናንት ሽንት ቤት በምን ወሰድከኝ?" ይሉኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ በቢራቢሮ አላመንኩም ነበር፤ ግን ማለዳ ክፍላቸው ገብቼ የተነጠፈ አልጋ ማየት አልፈለግኩም። በዚህ ከተማ በልቼ እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው የለም።

በመጨረሻ ሰናይትን አዘዟትና ወጡ። ከሻይ ጋር የሚመጣውን ስኳር በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሲያጠራቅሙ ኖሯል። በምራቃቸው እያራሱ የእጃቸውን ጀርባ ቀቡትና ጭናቸው ላይ ዘርግተው ተቀመጡ። ጉንዳን መጣ፣ ዝንብ መጣ። ቢራቢሮዎቹ ግን በላያቸው እያለፉ ሌላ ቦታ ያርፋሉ። በማግስቱም እንደዚያው። አሜሪካኖቹ አንሶላ ተከናንበው ይቀመጣሉ፣ እማማ መሀላቸው እጃቸውን ዘርግተው ይለማመጣሉ።

"እኔን ተጸየፉኝ እንዴ?" አሉኝ አንድ ቀን፣ ከልባቸው አዝነው።

በዚህ መሀል ነው የእኔ ተራ የደረሰው። አንድ ጠዋት አትክልቱን ሳጠጣ የውሃው ጎማ ፈንድቶ ጫማዬን አበሰበሰው። ከስቶር አንድ ጥንድ የነዋሪዎች ካልሲ ወስጄ በነጠላ ጫማ አድርጌ ወጣሁ። ሻይ እያደልኩ ነበር። ድንገት ወሬ ቆመ። ካርታ የሚበውዘው እጅ ቆመ። ሁሉም የሚያዩት ወደ እግሬ ነው።

እግሬ ላይ አለች።

መወራጨት ፈልጌ ነበር፤ እግሬ ግን የእኔ አልመስልህ አለኝ። ከአፏ ቀጭን ጥቁር ክር ፈታ አድርጋ ካልሲዬን ቀስ ብላ ዳሰሰችው። ያን ያህል ቀላል ነገር ሲነካህ ይታወቅሃል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ይታወቃል። ክንፏን ከፈተች፣ ዘጋች። ሻዩ በእጄ ላይ እየቀዘቀዘ ቆምኩ። ሊሮይ ካርታውን አስቀመጠና ቀይ ኮፍያውን አወለቀ።

ኮፍያው መልሶ ጭንቅላቱ ላይ ቢገባም ነገሩ በዚያ አላበቃም። ከሰዓት ሁሉም ሰው ሲያዝንልኝ ዋለ። ማንኪያዬን ሰርቀሃል እያለች ስትከሰኝ የኖረች አንዲት ነዋሪ ጠርታ "ወስደህም ከሆነ ይቅር ብዬሃለሁ" አለችኝ። ሚስ ፓም እንዲህ ያለ ነገር እንደማታምን ነግራኝ፣ ፊቴን ደግማ አየችና "ለማንኛውም ቀደም ብለህ ሂድ" አለችኝ። እማማ አስካለ ግን ተቆጥተው ነበር ያገኘኋቸው።

"ለእኔ የመጣውን አንተ መሀል ገባህበት" አሉኝ።

"ይቅርታ እማማ።"

ከዚያ እጄን ያዙኝ። እጃቸው በስኳር ይጣበቃል። "ነገ ትመጣለህ?"

"እመጣለሁ።"

"ማልልኝ።"

ማልኩላቸው።

ዶራቪል እስክደርስ ቢዩፈርድ ሃይዌይን እንደ ቀብር መኪና ነበር የነዳሁት። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ክላክስ ያደርጋል፤ ከሞት እየሸሸሁ ሳለ በገዛ ዝግታዬ ልሞት ነበር። አፓርትመንቴ ስደርስ ደረጃው አስፈራኝና መኪና ውስጥ ተቀምጬ ሰናይት ጋ ደወልኩ።

"ነገ ሲክ ኮል አድርግና ከሥራ ቅር" አለችኝ።

"ምን ብዬ?"

"ሆዴን በል።"

"ሰኒ፣ አንቺም ታምኛለሽ?"

"እኔ በጌታ እንጂ በቢራቢሮ አላምንም" አለች። ስልኩን ልትዘጋ ስትል ደግሞ "ግን መኪና አትንዳ" አለችኝ።

ለእማማ ስለማልኩ ሄድኩ፤ በባስ። ጢሜን መላጨት ተውኩ፣ ምላጭ ስለት ነው። ሥጋ እንደ ሕፃን አላምጬ መዋጥ ጀመርኩ። በየጠዋቱ ሥራ ስገባ ካርታ ተጫዋቾቹ ቀና ብለው አይተውኝ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ አንዱ ገረመኝ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ሳምንቱ ሞላ። አልሞትኩም። እንዲያውም በፍርሃት ስኳርና ጨው ስለተውኩ ደም ግፊቴ ተስተካክሎ ነበር።

አንድ ቀን የተዋስኩትን ካልሲ አጥቤ ለመመለስ አሰብኩና ግቢው አጥር ላይ አሰጣሁት። ሰሃን ሰብስቤ በመስታወቱ በር ስመለከት ከአጥሩ ላይ የሆነ ነገር ይተነፍሳል። ካልሲው ነው። ብርቱካንማ ክንፍ ለብሶ ይከፈታል፣ ይዘጋል። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ "ከእኔ በፊት የማን እግር ላይ ነበር?" የሚል ሆነ። ከዚያ ነው ቀለሙን ያየሁት። ቢጫ። እንደ አበባ ቢጫ።

ነርሲንግ ሆማችን ይወድቃል ተብሎ ለሚሰጋለት ሰው፣ ሠራተኛው ከሩቅ እንዲለየው ቢጫ ካልሲ ያደርግለታል። ይወድቃል የሚባለው ደግሞ የደከመው ነው። የደከመው ነው የሚያርፈው። ለካ ቢራቢሮዋ አበባ ፈልጋ ነው።

ሮጬ ወጥቼ ለሊሮይ አስረዳሁት፤ እጄን እያወናጨፍኩ፣ እንደ ዶክተር። በሚገባ አዳመጠኝ።

"ስለዚህ የሚገድለው ካልሲው ነው" አለ።

በማግስቱ አንድ ሰው ካልሲ አላደርግም አለ፤ ከሰዓት ሁሉም አላደርግም አለ። የአበባ ማሰሮ ውስጥ ካልሲ ተቀብሮ አገኘን። ሽንት ቤት ውስጥ ካልሲ ገብቶ ኮሪደሩ ጎረፈ፤ ውሃው ላይ ሌላ ሰው ተንሸራቶ ሊወድቅ ሲል በስንት ጩኸት ያዝነው። በመጨረሻ ፓም ተሸንፋ ግራጫ ካልሲ አስመጣች። ቢራቢሮዎቹም የሰው እግር ተዉ። ጃንጥላው ተጠቀለለ፣ አንሶላው ወደ አልጋው ተመለሰ፣ የእኔ ስም ደግሞ ከፍ አለ፤ ሊሮይ የካርታ ካርድ ሲጠፋበት እንኳ "ሳይንቲስቱን ጥሩት" ማለት ጀመረ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። በሁሉ ነገር ምክንያት አለ እያልኩ ሰናይትን አሰለቸኋት።

እንዲህ ሆነን ኦክቶበር ገባ። ቀኑ ቀዝቀዝ አለ፤ ቢራቢሮዎቹም አንድ ሁለት እያሉ ወደ ደቡብ ይሄዱ ጀመር። አንድ እኩለ ቀን እማማ አስካለን ፀሐይ ላይ አውጥቻቸዋለሁ። ነጭ ነጠላ፣ ግራጫ ካልሲ፣ ጥቁር ቀሚስ። ስኳሩንም ትተውታል፤ ጉንዳኑ መሯቸው። ልጃቸው እሑድ ሺፍት ይዟት ስላልመጣች አኩርፈዋል።

"ሰው ረሳኝ፣ ሞትም ረሳኝ" ይላሉ። "ምን አለ መጥቶ ቢገላግለኝ—"

በአጥሩ ላይ አንዲት መጣች። ከቀሩት ቢጫ አበቦች በላይ አለፈች። በሊሮይ ቀይ ኮፍያ አጠገብ አለፈች። ቀጥ ብላ መጥታ የእማማ እጅ ጀርባ ላይ አረፈች።

ንግግራቸው እንደተቆረጠ ቀረ። እጃቸው ታጥቧል፤ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ቢጫ የሚባል ነገር የለም። ምክንያት ፈለግኩ፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ሮጬ ሮጬ አጣሁ። ክንፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል። እማማ ትንፋሻቸውን ዋጥ ሲያደርጉ እሷም ክንፏን ገጥማ ቆመች። ከክንፏ ሥር እንደ ብር የሚያበሩ ነጠብጣቦች አሏት፤ ብዙ ዓይን ይመስላሉ። ሊሮይም ከሩቅ አይቶ እጁ ኮፍያው ላይ ደርሷል፤ ግን አላወለቀም።

እማማ "ተመስገን" እስኪሉ ጠበቅኩ። ስንት ጊዜ ነው የለመኑት።

"ልጄ" አሉኝ፣ ከንፈራቸው ብቻ እየተንቀሳቀሰ።

"አቤት እማማ።"

"አባርልኝ።"

"ምን አሉ?"

"አባርልኝ አልኩህ።"

ፎጣዬን አወናጨፍኩ። ተነሳች፣ አንድ ጊዜ ዞረችና ተመልሳ ጉልበታቸው ላይ አረፈች። እማማ እግራቸውን አነሱ። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ያን እግር ሲያነሱ አይቼ አላውቅም። "ግፋ፣ አስገባኝ" አሉ። ገፋሁ፤ ዊልቸሩ አልሄድ አለ። በኃይል ገፋሁ፤ ሲጥ ሲጥ እያለ በጎኑ ተጎተተ። ብሬኩን እንዳልፈታሁ የታወቀኝ በሩ ጋ ስደርስ ነው። ሊሮይ ከምኔው ተነስቶ እንደደረሰ አላውቅም፤ በሩን ከፈተልን፣ እሱም ከኛ ጋር ገባ፣ ዘጋው።

መስታወቱ ላይ መጥታ ተለጠፈች። በዚያ ብርማ ዓይኗ ወደ ውስጥ ታያለች። ምሳ እስኪያልቅ ከዚያ አልተነቃነቀችም። ሊሮይ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ለበሩ ሰጠ። ሰናይት መጋረጃውን ልትዘጋ ሄዳ ግማሽ መንገድ ላይ ሐሳቧን ቀየረች። ሌላ ጊዜ ምሳቸውን ግማሹን የሚተዉት እማማ ያን ቀን ድንቹንም ዶሮውንም ጨርሰው፣ የእኔን ኬክ ጨመሩበት። በየጉርሻው መሀል በሩን ያያሉ። ቀና ስል አልነበረችም፤ ስትሄድ ያያት የለም።

ያን ሌሊት እኔ ተረኛ አልነበርኩም። ጠዋት ከፓርኪንጉ እስከ ክፍላቸው ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄድኩት አላስታውሰውም። በሩን ገፋ ሳደርግ አልጋው አልተነጠፈም፤ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

"በላህ?" አሉኝ።

ውርጭ መጣና ሐረጉን አጠቆረው። ፓም በጣም ተመሰገነች፤ የከርሞውንም እንድተክል አዘዘችኝ፣ እኔም የገበሬ አገር ሰው ነኝና እሺ አልኩ። እማማ አስካለ ብርዱን በሰላም አለፉት። እሑድ እሑድ ልጃቸው ትመጣለች፤ ባልመጣች ጊዜም ያኮርፋሉ እንጂ ሞትን መጥራቱን ትተውታል። ምክንያቱን ልጠይቃቸው እያልኩ ብዙ ጊዜ ተውኩት። ሐረጉ እንደገና ከአፈር ብቅ ባለበት ሰሞን ግን አልቻልኩም። ካልሲያቸውን እያጠለቅኩላቸው ነበር።

"እማማ፣ በየቀኑ ሲጠሩት አልነበር? ሲመጣ ምነው ሸሹ?"

በመስኮቱ ወደ ግቢው አዩ፤ ከዚያ ሰው እንዳይሰማቸው ያህል ወደ ጆሮዬ ዘንበል አሉ።

"ስጠራው እኮ" አሉኝ፣ "እንደማይሰማኝ አውቄ ነው።"